ልጄ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የት እንደሚያልቅ አያውቅም፤ ከየት ልጀምር?

የአራተኛ ክፍል እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። የእንግሊዝኛ ቃላት ችግር የለበትም፤ ያነባል፣ ይናገራልም። ጉዱ ሲጽፍ ነው። ግማሽ ገጽ ሞልቶ የሚያደርገው አንድ ነጥብ ነው፤ እሱም መጨረሻው ላይ። በመሀል ያለውን ሁሉ በኮማ ወይም በ«ኤንድ» እየቀጠለ ይሄዳል። ትልቁ ፊደል ዓረፍተ ነገር ሲጀምር የለም፣ ቃል መሀል ላይ ግን ብቅ ይላል። «ኤስ» ባየ ቁጥር ደግሞ አፖስትሮፍ (') ይሰካል። ደንቡን በል ንገረኝ ስለው አንድም ሳያስቀር ይዘረዝርልኛል።

ከደብተሩ የቀዳሁት ይኸው። ሁለት ዓይነት ፊደል ስቀላቅል መስመሩ ስለሚዛባብኝ እንግሊዝኛውን በእኛው ፊደል ጽፌዋለሁ፤ ምልክቶቹ እሱ እንዳደረጋቸው ናቸው፦

«አይ ዌክ አፕ, አይ ዋሽ ማይ ፌስ, አይ ኢት, አይ ጎ ቱ ስኩል ማይ ፍሬንድ ሂ ዌይት ሚ ሂ ሃዝ ቱ ቡክ'ስ.»

ጥያቄዬ፦ በምን ቅደም ተከተል ላስተምረው? አፖስትሮፍን በምን መንገድ ላስረዳው? ገጹን ሁሉ ቀይ በቀይ ሳላደርግስ እንዴት ላርም?

---

ቀይ እስክሪብቶ

የሥርዓተ ነጥብ ችግር ያሉት አብዛኛው የሰዋስው ችግር ነው። «ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ ነጥብ አድርግ» የሚለው ደንብ የሚጠቅመው ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ ለሚታወቀው ሰው ነው። ልጅዎ ደንቡን ያውቃል፤ ያላወቀው ማለቂያውን ነው። ለዚህ ደግሞ በቂ ምክንያት አለው።

የጻፈውን ወደ አማርኛ ይመልሱት፦ «ተነሥቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።» እንከን የሌለው አማርኛ ነው። ማሰሪያው አንድ ነው፣ «እሄዳለሁ»። ከሱ በፊት ያሉት ቦዝ አንቀጾች ናቸው፤ «ታጥቤ» ብሎ ማንም ዝም አይልም፣ ስለዚህ ነጠላ ሰረዝ ይበቃቸዋል። ልጁ ያንኑ ልማድ ይዞ እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። እዚያ ግን «አይ ዌክ አፕ» ባለቤትም ማሰሪያም ያለው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። «አይ ዋሽ ማይ ፌስ»ም እንዲሁ። እሱ አንድ ዓረፍተ ነገር የጻፈ ሲመስለው አራቱን በኮማ ሰፍቷቸዋል፤ ኮማ ደግሞ ብቻዋን ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትይዝም።

ሌላም አለ። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ጆሮ ማለቁን ይሰማል። በእንግሊዝኛ ግሡ ባለቤቱን ተከትሎ ቶሎ ይመጣና ከሱ በኋላ የፈለገው ያህል ቃል ይከተላል። «ሂ ፕሌይድ»፣ «ሂ ፕሌይድ ፉትቦል»፣ «ሂ ፕሌይድ ፉትቦል ዊዝ ሂዝ ብራዘር»፦ ሦስቱም ቦታ ላይ ማቆም ይቻላል። አለቀ የሚል ደወል የለም፤ ልጁ በዓይኑ መፈለግ አለበት።

ስለዚህ ከነጥብ በፊት ግሥ ማደን ይለማመድ። ከራሱ ጽሑፍ ከአምስት እስከ ስምንት መስመር ይውሰዱ።

መጀመሪያ ግሦቹን ያስምርባቸው። ግሥ የቱ እንደሆነ ግራ ከገባው ጽሑፉን ወደ ትናንት ይውሰደው። «አይ ጎ» «አይ ዌንት» ይሆናል፤ «ቱ ስኩል» እንዳለ ይቀራል። ጊዜው ሲለወጥ መልኩን የቀየረው ቃል ግሡ ነው። «ግሥ ድርጊትን ይገልጻል» ከሚለው ይህ ይሻላል፤ «ኢዝ» እና «ሃዝ» ምንም ድርጊት ስለማይታይባቸው ልጆች ሁልጊዜ ይዘሏቸዋል።

ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ግሥ «ማን?» ወይም «ምን?» ብሎ ይጠይቅና ባለቤቱን ይክበበው። ከዚያ ባለቤትና ግሥ ተጣምረው የቆሙትን ይቁጠር። አምስት ጥንድ ካለ አራት መገጣጠሚያ አለ። እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ከሦስቱ አንዱ ይግባ፦ ነጥብና ትልቅ ፊደል፤ ወይም ኮማ ከ«ኤንድ»፣ «በት»፣ «ሶ» ወይም «ኦር» ጋር፤ ወይም «ቢኮዝ»፣ «ዌን»፣ «ኢፍ» የመሰለ ማያያዣ። ሦስቱም ከሌሉ ዓረፍተ ነገሩ ተላትሟል። ሁለት ማያያዣ ከገባም («ቢኮዝ አይ ዎዝ ታየርድ ሶ አይ ስሌፕት») አንዱ ይውጣ።

«ኤንድ» የበዛበትን ልጅ «ኤንድ አትጻፍ» ማለት አያዋጣም፤ ኮማ ይተካበታል። ይልቁንስ የአማርኛውን ሰንሰለት በእንግሊዝኛ የሚሠራበትን መንገድ ያሳዩት። ባለቤቱ አንድ ከሆነ መድገም አያስፈልግም፦

«አይ ዌክ አፕ, ዋሽ ማይ ፌስ, ኢት ብሬክፈስት ኤንድ ጎ ቱ ስኩል. ማይ ፍሬንድ ዌይትስ ፎር ሚ. ሂ ሃዝ ቱ ቡክስ.»

አሁን ባለቤት አንድ፣ ግሥ አራት። ኮማዋ ዝርዝር እየለየች ስለሆነ ትክክል ናት። በነካ እጃችን፦ «ማይ ፍሬንድ ሂ» የተባለው «ይጠብቀኛል» ውስጥ ያለችውን «ይ» ፍለጋ ነው። አማርኛው ባለቤቱን በግሡም ላይ ስለሚደግም ልጁም ይደግማል። የዚህ ግልባጭ ባለቤቱን መዋጥ ነው። «ትልቅ ነው» ለማለት «ኢዝ ቢግ» ብሎ ይጽፋል። እንግሊዝኛ ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር የሚቀበለው ትእዛዝ ሲሆን ብቻ ነው፤ ለዝናቡ እንኳ «ኢት ኢዝ ሬይኒንግ» ብሎ ባለቤት ይፈልግለታል።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ የዋለው ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት ጥሩ መሰላል ነው። በመጀመሪያው ዓመት በቃላት መካከል ክፍተት፣ ትልቅ ፊደል፣ ነጥብ፣ የጥያቄ ምልክትና ቃል አጋኖ ይሰጣል። በሁለተኛው የዝርዝር ኮማ፣ አፖስትሮፍ ለተዋጠ ፊደልና ለአንድ ባለንብረት። በሦስተኛው ትምህርተ ጥቅስ ይጀመራል። በአራተኛው የጥቅሱ ሙሉ ሥርዓት፣ የብዙ ባለንብረቶች አፖስትሮፍና ዓረፍተ ነገር መግቢያ ላይ የምትገባው ኮማ። ቅንፍና ሰረዝ በአምስተኛው፣ ሴሚኮሎን (;) እና ኮሎን (:) በስድስተኛው ናቸው። እነዚያ ልጆች በአምስት ዓመታቸው ነው የሚጀምሩት፣ ቋንቋውንም ከቤታቸው ይዘውት ይመጣሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይውሰዱ፤ ዕድሜውን ግን ይተዉት።

---

ሰረዝና ነጥብ

እህቴ፣ ቀይ እስክሪብቶ ግሡን ስለጨረሰው እኔ ወደ ፊደሉና ወደ አፖስትሮፉ ልሂድ።

ትልቅ ፊደል ቃል መሀል ላይ ብቅ ይላል ብለሻል። ደብተሩን አውጪና የትኞቹ ፊደላት እንደሆኑ ቁጠሪ። በብዛት «ቢ» እና «ዲ» ከሆኑ ልጁ ደንቡን አልረሳም፤ ከመሳሳት እያመለጠ ነው። ትንሹ «ቢ» እና ትንሹ «ዲ» ፊትና ጀርባ የዞሩ አንድ ቅርፅ ናቸው። ትልቆቹ ግን ሁለቱም ሆዳቸው ወደ ቀኝ ስለሆነ አይምታቱም፤ ስለዚህ የተጠራጠረ ልጅ ትልቁን ይጽፋል። መድኃኒቱ የእጅ እንቅስቃሴ ነው። ትንሹ «ዲ» በ«ሲ» ቅርፅ ይጀምርና ወደ ላይ ወጥቶ ይወርዳል። ትንሹ «ቢ» በቀጥታው መስመር ከላይ ይጀምርና ሆዱን በኋላ ያወጣል። በአንድ ቀን ሁለቱን አብረሽ አታስለምጂው፤ አንዱ እጁ ላይ ሲረጋ ሌላውን ቀጥዪ።

ፊደላቱ «ሲ»፣ «ኦ»፣ «ኤስ»፣ «ቪ»፣ «ደብልዩ»፣ «ኤክስ» ወይም «ዜድ» ከሆኑ ነገሩ ሌላ ነው። እነዚህ ትልቁም ትንሹም አንድ መልክ ነው ያላቸው፣ ልዩነቱ ቁመት ብቻ። ምናልባት ልጁ ትንሹን ጽፎ አስረዝሞት ይሆናል። ባለ አራት መስመር የእጅ ጽሕፈት ደብተር ላይ ቢጽፍ ወዲያው ይለያል።

የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ይህ ለልጁ ፍጹም አዲስ ሐሳብ ነው። ዓረፍተ ነገር ከመጀመርና ከ«አይ» (እኔ) ሌላ መጠሪያ ስሞች፣ የቀንና የወር ስሞች፣ የአገርና የቋንቋ ስሞች በትልቅ ይጀምራሉ። ወቅቶች አይጀምሩም፤ «ሰመር» ትንሽ ነው። ከትምህርት ዓይነቶች «ኢንግሊሽ» ትልቅ ነው፣ «ሳይንስ» ትንሽ። «ማይ ማዘር» ሲሆን «ማዘር» ትንሽ ነው፤ «ማይ» ወጥቶ እንደ ስም ሲጠራበት ግን ትልቅ ይሆናል።

አሁን አፖስትሮፍ። ሁለት ሥራ ብቻ ነው ያላት፦ የተዋጠ ፊደል ቦታ መጠበቅና ባለንብረት ማመልከት። ማብዛት ሥራዋ አይደለም፣ በጭራሽ።

ለተዋጠ ፊደል፦ «ዱ ኖት» ሲያጥር የተዋጠችው በ«ኤን» እና በ«ቲ» መካከል ያለችው «ኦ» ናት፤ ስለዚህ አፖስትሮፏ እዚያው ትቀመጣለች፣ ዲ-ኦ-ኤን-'-ቲ። ልጆች ሁለቱ ቃላት የተገናኙበት ላይ ማለትም ከ«ዱ» ቀጥሎ ያደርጓታል፤ ስፌት ትመስላቸዋለችና። ሙሉውን ያስጽፊውና የጠፋችውን ፊደል በእርሳስ ሰርዞ በቦታዋ ምልክቷን ይትከል። ከዚህ የሚያፈነግጠው «ዎንት» ነው («ዊል ኖት»)፤ እሱን በቃሉ ይያዘው።

ለባለንብረት አማርኛ ራሱ ይረዳሻል። «የልጁ ደብተር» ስንል ባለንብረቱ ይቀድማል፣ ንብረቱ ይከተላል። «ዘ ቦይ'ስ ኖትቡክ»ም ያው ቅደም ተከተል ነው። የሚለየው ምልክቷ ብቻ ናት፤ የኛ «የ» ከባለንብረቱ ፊት፣ የነሱ አፖስትሮፍ ከባለንብረቱ ኋላ። ስለዚህ ልጁ በአማርኛ ይበለው። «የ» ከወጣ አፖስትሮፍ አለ። «-ኦች» ከወጣ የለም። «መጻሕፍት አለው» ውስጥ «የ» የት አለ? የለም፤ እንግዲያው «ቡክስ» ያለ አፖስትሮፍ ነው። ከግሥ ጋር የመጣ «ኤስ» ከሆነም («ሂ ፕሌይስ») የለም። ይህ መፈተሻ የሚሠራው ባለቤትነት ላይ ነው፤ «የእንጨት ወንበር» የመሰለውን አታምጪበት።

ቦታው የት ነው ለሚለው፦ መጀመሪያ ባለንብረቱን እስከ መጨረሻው ይጻፈው። ወዲያው አፖስትሮፍ ያድርግ። ከዚያ ባለንብረቱ በብዙ ቁጥር «ኤስ» የሚያልቅ ካልሆነ «ኤስ» ይጨምር። አንድ ልጅ፦ ቢ-ኦ-ዋይ-'-ኤስ። ብዙ ልጆች፦ ቢ-ኦ-ዋይ-ኤስ-'። «ችልድረን» ብዙ ቢሆንም በ«ኤስ» ስለማያልቅ ችልድረን-'-ኤስ። ልጆች የሚሳሳቱት ባለንብረቱን ጽፈው ሳይጨርሱ ምልክቷን ስለሚያስቡ ነው።

«ኢትስ» የተለየ ወጥመድ ነው። አፖስትሮፍ ያለው አይ-ቲ-'-ኤስ «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» ማለት ብቻ ነው። «የእሱ» ሲሆን አይ-ቲ-ኤስ፣ ያለ ምልክት። «የ» መፈተሻው እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ምክንያቱም «ሂዝ»፣ «ኸርስ»፣ «አወርስ» እና «ኢትስ» ተውላጠ ስሞች ናቸው፣ ባለንብረትነቱን በውስጣቸው ይዘውታል። ፈትቶ ያንብበው፦ «ኢት ኢዝ» ሲባል ትርጉም ከሰጠ ምልክቷ ትግባ፣ ካልሰጠ ትውጣ።

አንድ ነገር ልጨምር። አፖስትሮፍ የሚዘንበው ብዙ ጊዜ አፖስትሮፍ በተማሩ ማግስት ነው። የመልመጃ ወረቀቱ ላይ 10 ጥያቄ ካለ አሥሩም አፖስትሮፍ ይፈልጋሉ፤ ልጁ የሚማረው «ኤስ ባለበት ሰካ» የሚለውን ነው። ወረቀቱን ራስሽ አዘጋጂው፦ ከ12ቱ አራቱ ባለንብረት፣ አራቱ ብዙ ቁጥር፣ አራቱ ግሥ ላይ ያለ «ኤስ» ይሁኑ፤ ቅልቅል አድርጊያቸው። እንዲሰካ ብቻ ሳይሆን ለምን እንዳልሰካ በአንድ ቃል አጠገቡ ይጻፍ።

---

አንባቢው

እኔ ልጆቹን «ትንፋሽ ስትወስዱ ኮማ አድርጉ» እላቸዋለሁ፤ ቀላል ነው፣ ይሠራልም።

---

ቀይ እስክሪብቶ

አንባቢው ወንድሜ፣ ይቅርታና፣ ይህ ምክር ነው ከላይ ያየነውን ጽሑፍ የሚወልደው። ልጁ በየአራት ቃሉ ይተነፍሳል። በተቃራኒው ቀልጣፋ አንባቢ አንድ ገጽ ሳይተነፍስ ይጨርሳል። ትንፋሽ የሚጠቅመው የተጻፈውን ለማንበብ ነው፤ ለመጻፍ ግን ልጁ ምክንያት ያለው ቦታ ያስፈልገዋል። ለአንደኛ ደረጃ አራት ቦታ ይበቃል፦

በዝርዝር ውስጥ። ከመጨረሻው «ኤንድ» በፊት ኮማ ይግባ አይግባ ልማዱ ይለያያል። አሜሪካኖች በብዛት ያስገባሉ፣ እንግሊዞች በብዛት ይተዋሉ። የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ የያዘውን ይያዝና አይቀላቅል።

ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር በ«ኤንድ»፣ «በት»፣ «ሶ»፣ «ኦር» ሲገጠም፣ ከማያያዣው በፊት። ብዙ ልጆች ከማያያዣው በኋላ ያደርጉታል፤ አማርኛችን «ነገር ግን፣» ብሎ ስለሚያርፍ ይመስለኛል።

«ዌን»፣ «ኢፍ»፣ «ቢኮዝ» ያለበት ክፍል ሲቀድም፦ «ቢኮዝ አይ ዎዝ ታየርድ, አይ ስሌፕት.» ሲከተል አብዛኛውን ጊዜ ኮማ የለም፦ «አይ ስሌፕት ቢኮዝ አይ ዎዝ ታየርድ.» በአማርኛ «ስለደከመኝ ተኛሁ» ብለን ምክንያቱን እናስቀድማለን፤ ስለዚህ ልጁም ምክንያቱን አስቀድሞ ይጽፍና ነጥብ ያደርግበታል፦ «ቢኮዝ አይ ዎዝ ታየርድ.» አንጠልጥሎ ተወው። «ስለደከመኝ።» ብለህ ብትሄድ ምን ይሉሃል ብላችሁ ጠይቁት፤ ይገባዋል።

ሰው ሲጠራ። «ካን ዩ ሂር ሳራ?» ሳራ ትሰማሃለች ወይ ሳይሆን «ሳራን ትሰማታለህ?» ነው። «ካን ዩ ሂር, ሳራ?» ግን ራሷን ሳራን መጠየቅ ነው። ኮማ ትርጉም እንደምትቀይር ልጅ በዓይኑ የሚያየው እዚህ ላይ ነው።

---

የአራተኛ ክፍል እናት

እግዜር ይስጥልኝ። «ቢ» እና «ዲ» ያላችሁትን አየሁት፤ በመሀል ከገቡት አብዛኞቹ እነሱ ናቸው! አሁን የቀረኝ የንግግር ምልክቱና «ሂ ዌይት» የሚለው ነው፤ «ኤስ»ን ለአፖስትሮፍ ያበዛታል፣ ለግሥ ግን ይነፍጋታል። ማረሙንም እንዳትረሱብኝ።

---

ሰረዝና ነጥብ

የግሧን «ኤስ» መንፈጉ አይገርምሽ። አማርኛ ለእያንዳንዱ ሰው ግሡን ይለውጣል፦ እጫወታለሁ፣ ትጫወታለህ፣ ይጫወታል፣ ትጫወታለች። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ መልክ ይጠቀምና ለ«ሂ»፣ «ሺ»፣ «ኢት» ብቻ «ኤስ» ይለጥፋል። ለልጁ ትርፍ ነገር ነው፤ ባይኖርም ሐሳቡ አይጎድልበትም። ደንብ ከማስጠናት «አንዷ ኤስ» የሚለውን አሳዪው፦ «ዘ ዶግ ባርክስ»፣ «ዘ ዶግስ ባርክ»። «ኤስ» ወይ ስሙ ላይ ናት ወይ ግሡ ላይ፤ ሁለቱም ላይ ካለች ወይም ከሁለቱም ከጠፋች ቆም ብሎ ይመልከት። ለ«አይ»ና ለ«ዩ»፣ እንደ «ችልድረን» ላሉት ስሞች፣ ለአላፊ ጊዜም አይሠራም፤ ግን አብዛኛውን ስሕተት ይይዛል።

«ዳዝ» ከመጣ «ኤስ»ን ይወስዳታል። «ሂ ዳዝንት ፕሌይስ» ስሕተት የሆነው «ኤስ» ሁለት ጊዜ ስለተከፈለች ነው። «ዲድ»ም እንዲሁ አላፊነቱን ይወስደዋል፤ «ዲድ ዩ ዌንት» ሳይሆን «ዲድ ዩ ጎ»። ጥያቄ ላይ ይህ በጣም ይበዛል፤ ምክንያቱም በአማርኛ «ትመጣለህ።» እና «ትመጣለህ?» የሚለዩት በድምፅ ብቻ ነው። ልጁ «ዩ አር ካሚንግ?» ብሎ ምልክቷን ይጨምርና ጠየቅሁ ይላል። ወረቀት ላይ ቃላቱም ቦታ ይቀያየራሉ፦ «አር ዩ ካሚንግ?» «አይ ዶንት ኖው ዌር ሂ ኢዝ.» ግን ጥያቄ አይደለም፤ ነጥብ ነው የሚገባው፣ ቃላቱም አይገለበጡም።

የንግግር ምልክት ላይ ከምልክቱ በፊት አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ። አማርኛ የተናገረውን ሰው ቃል እንዳለ ያስገባል፦ እመጣለሁ አለ። የሚመጣው እሱ ነው፣ ማንም አይሳሳትም። ልጁ ይህን «ሂ ሴድ አይ ዊል ካም» ብሎ ይጽፈዋል፤ እንግሊዝኛ አንባቢ ግን የሚመጣው ጸሐፊው ነው ብሎ ይረዳል። ሁለት መውጫ አለው። ወይ ጥቅስ ውስጥ ያስገባዋል፦ ሂ ሴድ, “አይ ዊል ካም.” ወይ ተውላጠ ስሙን ከነግሡ ይቀይራል፦ «ሂ ሴድ ሂ ውድ ካም.» ለአራተኛ ክፍል የመጀመሪያው ይቅደም።

አሠራሩ፦ ከአፍ የወጡትን ቃላት ብቻ በቢጫ ያቅልም። ምልክቶቹ የቀለሙን ዳርና ዳር ይይዛሉ። የተነገረው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከሆነ በትልቅ ፊደል ይጀምራል። ማብቂያ ምልክቱ ከመዝጊያው በፊት፣ ከቀለሙ ጋር ይገባል። «ሴድ ሳራ» ከተከተለ በነጥብ ፈንታ ኮማ፦

“አይ ኧም ታየርድ,” ሴድ ሳራ.

“አር ዩ ታየርድ?” አስክድ ሳራ.

ሁለተኛው ላይ የጥያቄ ምልክት ቢኖርም ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም፤ ስለዚህ «አስክድ» በትንሽ ፊደል ይጀምራል። ልጆችን የሚያሳስተው ይህ ነው፣ የስልክ የራስ ማረሚያም ሊያባብሰው ይችላል። ተናጋሪ ሲቀየር አዲስ አንቀጽ። ነጠላ ምልክት ወይስ ድርብ? እንግሊዞች ነጠላውን ይወዳሉ፣ አሜሪካኖች ድርቡን። ለልጅ ድርቡ ይሻላል፤ ነጠላው ከአፖስትሮፍ ጋር ይምታታበታል።

---

ቀይ እስክሪብቶ

ስለ ማረም። በአንድ ጽሑፍ አንድ ዓይነት ስሕተት ብቻ ይምረጡ፤ ከመጻፉ በፊትም «ዛሬ የማየው ነጥብና ትልቅ ፊደል ነው» ብለው ይንገሩት። አፖስትሮፉ ቢዘንብም ለዛሬ ይለፉት። ይህ ለወላጅ ከባድ ነው፤ እጅ ያሳክካል።

ስሕተቱ ላይ አይጻፉ። ስሕተት ባለበት መስመር ትይዩ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ አንድ ጭረት ያድርጉ፤ ሁለት ስሕተት ከሆነ ሁለት ጭረት። ፈልጎ ማግኘት የሱ ሥራ ነው። ካገኘ ጭረቷን ያጥፋት። ሁለት ጊዜ አይቶ ያላገኘውን አብረው ይዩት፤ ያ ማለት ገና አልገባውም ማለት ስለሆነ ነገ የሚያስተምሩት እሱን ነው። ሙሉ ገጽ አያስገልብጡት፤ የተስተካከለውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ከሥር ይጻፍ።

የተላተመ ዓረፍተ ነገርን ለማጋለጥ እርስዎ ያንብቡለት፣ እሱ አያንብብ። ልጁ ሲያነብ ያሰበውን ያነባል፤ ያላደረገው ነጥብ ላይ እንኳ ቆም ይላል። እርስዎ ግን የተጻፈውን ብቻ ያንብቡ፤ ነጥብ እስኪመጣ ድምፅዎን ሳይጥሉ ይንዱት። አምስተኛው መስመር ላይ «ኧረ እዚህ ጋ ያበቃል!» ይላል። ቀጥሎ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ጀምራችሁ ወደ ላይ አንድ በአንድ አንብቡ፤ ብቻውን የማይቆመው ያኔ ይታያል።

በሳምንት አራት ቀን፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በቂ ነው። ሁለቱን ቀን ግሥ ማደን፣ አንዱን ቀን የቃል ጽሕፈት፣ አንዱን ቀን የራሱን አጭር ጽሑፍ ይሥራ። ለቃል ጽሕፈቱ ከስምንት እስከ አሥር ቃል ያላቸው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ያንብቡ፦ ለመስማት፣ ለመጻፍ፣ ለመፈተሽ። «ኮማ» እና «ነጥብ» እያሉ አይጥሩለት።

ጥቃቅን ሆነው የሚዘለሉም አሉ። ከምልክት በፊት ክፍተት የለም፣ ከምልክት በኋላ አንድ ክፍተት አለ። መስመሩ ሞልቶበት ነጥቡን ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ካስቀመጠ አያሳልፉት፤ ነጥብና ኮማ ከሚዘጉት ቃል አይለዩም፣ ኅዳጉ ውስጥ ቢገቡም ይግቡ። ቃል አጋኖ አንድ ይበቃል፣ ሦስት አይደረደርም።

---

አንባቢው

እሺ፣ ትንፋሹን ትቼዋለሁ። ሴሚኮሎንስ? ድርብ ሰረዝን በአማርኛ ስለሚያውቋት ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ።

---

ቀይ እስክሪብቶ

የጠየቀ ልጅ ይነገረው፤ ያልጠየቀ ግን ይቆይ። በግራም በቀኝም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሊኖር ይገባል፣ ሁለቱም ስለ አንድ ነገር ማውራት አለባቸው፣ ከሷ በኋላ የሚመጣው ቃል መጠሪያ ስም ወይም «አይ» ካልሆነ በትንሽ ፊደል ይጀምራል። ግሥ አድኖ ጥንዶቹን በትክክል መቁጠር ያልቻለ ልጅ እጅ ላይ ብትገባ ሌላ ኮማ ነው የምትሆነው።